ራይዲንጌ ተከፈለ

ካናዳን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ድንበሩን በሩቁም አላየሁት። ግን ካናዳ ውስጥ አንድ የምርጫ ክልል አለ፤ ከዛ ክልል ፓርላማ የገቡትን ሰዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማን ማንን እንደጣለ፣ ማን ለጥቂት እንዳመለጠ፣ ማን በሰፊው እንደዘረረ፣ ውሃ ሳልጠጣ በቃሌ እወጣዋለሁ። ካናዳዊ አምጡና አፋጡኝ፣ እረታዋለሁ። ከዛም አልፌ ያንን አገር አንድ ድምፅ ላሳጣው ነበር። ያቺን ድምፅ መልሼ ያዳንኳትም እኔው ነኝ።

ይህን እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ስናገር ጓደኞቼ ፊታቸውን ወደ ስልካቸው ይመልሳሉ። «ባለፈው ሳምንት የፖቶማክን ወንዝ በቁመቱ ዋኘሁት ብለህ አልነበር?» ይለኛል አንዱ። እሱን በርግጥ ትንሽ አጋንኜዋለሁ። ይሄኛው ግን እንዳለ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሰው አድርሼ እስኪወጣ ስጠብቅ ያነበብኩት መፅሐፍ ቢደረደር ከቤቴ ጣሪያ ያልፋል፤ ጣሪያው ደግሞ ረጅም ነው። መጀመሪያ ከፖቶማክ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ነዳሁ፣ ቀጥሎ በስልክ አፕ እየተጠራሁ ሰራሁ፣ አሁን የራሴ ቫን አለኝ። የታመመና ያረጀ ሰው ከቤቱ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤቱ አደርሳለሁ። በዚህ አካባቢ ዊልቸር እንደኔ አጥብቆ የሚያስር ሾፌር የለም። እንቁላል ጭኜ ጉድጓድ ውስጥ ብገባ አንድ አይሰነጠቅም። ስራውን የሚሰጠኝ ዲስፓች፣ የስምሪት ቢሮው፣ ነው፣ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው። እያንዳንዷን ጉዞ «ራይድ» ነው የምንላት። «ዛሬ ስንት ራይድ አለህ?» «ያቺ ራይድ ተከፈለች ወይ?» ስንባባል ነው የምንውለው። የኛ ሙያ ቋንቋ ይሄ ነው። ጉዱን ያፈላው ደግሞ ይሄው ቋንቋ ነው።

ጋሼ የምላቸው ሰውዬ አሌክሳንድሪያ፣ ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ኩላሊታቸው ስራ ካቆመ ቆይቷል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ አለባቸው። ሰባ አምስትን አልፈዋል። ረጅም ናቸው፣ ከዘራ ይይዛሉ፣ በሐምሌ ሙቀትም ከረባት ያስራሉ። ደርግ ሲመጣ ወጥተው፣ ሱዳን ከርመው፣ ካናዳ ገቡ። እዛ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ሰርተው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ነርስ የሆነችው ልጃቸው «ብቻህን እዛ በረዶ ውስጥ አትቀርም» ብላ ወደዚህ አመጣቻቸው።

የመጀመሪያ ቀን ቀበቶ ሳስርላቸው ጤና ይስጥልኝም ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ድምፅ ትሰጣለህ?»

«የምን ድምፅ?»

«የምርጫ ነዋ። ሲቲዝን አይደለህም?»

«ነኝ። ግን ጋሼ፣ እኔ ወረፋ አልወድም። ስቆም እግሬን ያመኛል።»

«እኔ ኩላሊት የለኝም» አሉ።

ዱክ ስትሪት ላይ እስክንወጣ አፌን ዘጋሁ። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ስለሌለ ወደድኳቸው።

ከዛን ቀን በኋላ ትምህርቴ ተጀመረ። ጋሼ የኖሩበትን የምርጫ ክልል ታሪክ እንደ ነገሥታት ዜና ነው የሚያወሩት። ስም አይጠሩም፣ በሙያ ነው።

«መጀመሪያ ባለ ዶሮ እርባታው ነበር» ይላሉ። «ባለ ዶሮው ሦስት ምርጫ ነገሠ። አራተኛው ላይ ጠበቃው ገለበጠው። ጠበቃው አንድ ዘመን ብቻ፤ አፉ ትልቅ፣ እጁ አጭር። ከዛ የባለ ዶሮው የወንድም ልጅ መጣ፣ መኪና ሻጩ። ጥርሱን እያሳየ ፀጉሩ እስኪሸብት ተቀመጠ። ሲበቃው ደግሞ ለሆኪ አሰልጣኙ አወረሰው።»

«ሁሉም የአንድ ፓርቲ ናቸው?»

«ከጠበቃው በቀር። እዛ ቦታ ያ ፓርቲ ፍየል ቢያወዳድር ፍየሏ ታሸንፋለች።»

«እርስዎስ ማንን መረጡ?»

«እኔ የምመርጠው ሰው ነው፣ ፓርቲ አይደለም። የመረጥኩት ሰው ሁሉ ወደቀ።»

«አንድም ጊዜ አላሸነፉም?»

«አንድም ጊዜ። ጠበቃው ሲያሸንፍ ዜግነቴ አልደረሰም ነበር። ያቺ ለጥቂት አመለጠችኝ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል? እኔ ብሆን ሁለት ጊዜ ተሸንፌ ሦስተኛው ላይ ወደሚያሸንፈው እዞራለሁ።»

«አንተማ ትዞራለህ» አሉና ሳቁ። ከዛ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «አንድ ጊዜ ታዛቢ ሆኜ ነበር። የሚቆጠረው ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። ሳጥኑን ዘረገፉና ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሱ ለሁላችንም ያሳያሉ። መሃል ላይ አንዷ ወጣች፣ መስቀሏ ዘመም ያለች። የገዛ እጄ! ልጅቷ ከፍ አድርጋ አሳየቻትና የኛ ክምር ላይ አስቀመጠቻት። የኛ ክምር ትንሽዬ ነበረች። ግን ተቀመጠች እኮ። የማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ አገሬ እያለሁ ሐሳቤን ያወቀ ሰው ሁሉ ሊያስረኝ ነበር የሚሮጠው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከኋላዬ ክላክስ ይጮኻል፤ እኔ ግን በመስታወቱ እሳቸውን አያለሁ።

ጋሼ በመጨረሻ የሚመርጧት ተወዳዳሪ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሦስቴ ተወዳድራ ሦስቴ ወድቃለች፣ ግን እያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ እየተጠጋች። ውጭ አገር ያለ ካናዳዊ መጨረሻ የኖረበት ቦታ ላይ በፖስታ መምረጥ ይችላል። ጋሼ ለዚህ ተመዝግበው ምርጫ እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነግሯቸዋል፣ ልጃቸውም ታውቃለች። «ይቺን አንዷን ልስጥ» ይሉኝ ነበር። «ከዛ በኋላ እግዜር እንዳለው።»

ምርጫው ድንገት ተጠራ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋሼ እንደ ሙሽራ ነበሩ። ከዛ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ መኪና ውስጥ ገቡ።

«ምነው ጋሼ?»

«ራይዲንጌ ተከፈለ።»

«እሰይ!»

ቀና ብለው በመስታወቱ አዩኝ። «እሰይ?»

«ታዲያስ! ስንቱ ሳይከፈልለት ወር ሙሉ ይጉላላል መሰልዎት።»

«ለሁለት ነው የተከፈለው እኮ ነው የምልህ!»

«ለሁለት? ብቻዎን አይደል እንዴ የሚሄዱት? እሱማ ስህተት ነው። ግን አያስቡ፣ አንዱን ይመልሱታል።»

«ማነው የሚመልሰው? አንዴ ከተከፈለ አለቀ! እኛን ከወንዙ ማዶ ላሉት ሰጡን።»

«ማዶ? ለሜሪላንድ? የቨርጂኒያን ራይድ ለሜሪላንድ?» ደሜ ፈላ። «እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልደግፍም። ቆይ፣ አሁኑኑ ደውዬ አስተካክለዋለሁ።»

«አንተ? ታስተካክለዋለህ?»

«በሁለት ደቂቃ! ከፈለጉ ለሦስትም አስከፍልልዎታለሁ።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ክሊኒኩ በር ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ስል በከዘራቸው እጄን ገፋ አደረጉት። ህመሙ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው አክባሪ ስለሆንኩ ወዲያው ዲስፓች ጋ ደወልኩና ሁለቴ የተከፈለውን ራይድ እንዲያስተካክሉ አዘዝኩ። ሴትዮዋ ብትፈልግ ብትፈልግ ሁለቴ የተከፈለ ነገር አጣች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለችልኝ።

«ሂሳቡ ምንም የለውም። ግን ደንበኛው ሌላ ሾፌር ይላክልኝ ብለዋል።»

እኔ! ሌላ ሾፌር! ከታክሲ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ተብሎብኝ አያውቅም። ቅር ብሎኝ ሳምንት ሙሉ ሌላ ሰው አመላለስኩ። ጋሼን ስለ ራሴ ክብር እያሰብኩ ረገምኳቸው፤ ይቅር ይበለኝ።

በሚቀጥለው አርብ ልጃቸው ኮል አደረገችልኝ።

«ወንድሜ፣ አባዬን ምን ብለኸው ነው?»

«እኔ? ምንም! እሳቸው ናቸው እንጂ ያባረሩኝ።»

«ሳቀብኝ ነው የሚለው። ከሰፈሬ ሲቆርጡኝ እሰይ አለኝ፣ ለሦስትም አስከፍላለሁ ብሎ አላገጠብኝ ነው የሚለው። የምርጫ ፖስታው መጥቷል፣ አይከፍተውም። እኔ ሺፍት ላይ ነኝ፣ ልክፈትልህ ስለው አያስነካኝም። ወረቀቱ በምርጫው ቀን ኦታዋ ካልደረሰ አይቆጠርም። አይ ሚን፣ ሲሪየስሊ፣ ቀኑ አለቀ!»

«ቆይ ቆይ። ምኑ ነው የተከፈለው?»

«ራይዲንጉ ነዋ!»

«ራይዱ?»

«ራይድ አይደለም! ራይዲንግ! ካናዳ የምርጫ ክልሉ ራይዲንግ ነው የሚባለው። ሰው ሲበዛ መስመሩን እንደገና ያሰምሩታል። የኛን ለሁለት ከፈሉት።»

መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። ጋሼ እስከዛን ቀን «ክልላችን» ነበር የሚሉኝ፤ ያን ቀን ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አንብበው ስለወጡ የእንግሊዝኛው ቃል አመለጣቸው። አማርኛችንም አላገዘን፤ ገንዘብም ይከፈላል፣ ዳቦም ይከፈላል፣ ሰፈርም ይከፈላል። መጀመሪያ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ከዛ የሳቄ መጨረሻ ላይ እንባው ብቻ ቀረ። አንድ የታመሙ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ታሪኩን የቆጠሩለትን ሰፈር ሲቆርጡባቸው «እሰይ» ያልኩት እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

ቅዳሜ ከዲያሊሲስ ሲመለሱ ጠብቄ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ፀጉር ቆራጬና አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። አሌክሳንድሪያ ፎቅ መሃል ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከህንፃው ፊት አበባው ዙሪያ የተደረደሩ ነጫጭ ድንጋዮች አሉ፤ ደህናውን መርጬ ጫንቃዬ ላይ አወጣሁ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ሰር፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው!»

«ይቅርታ ልጠይቅበት ነው።»

«ድንጋዩን?»

«ሰውየውን!»

ፀጉር ቆራጬ ባህል ነው ብሎ እስኪያስረዳው አንገቴ ሊሰበር ነበር። በመጨረሻ ጥበቃው ድንጋዩ ተመልሶ ሲመጣ በዓይኑ እንደሚያይ ነግሮን አሳንሰሩን ራሱ ጠራልን።

ልጃቸው በሩን ከፈተች። ጋሼ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ከእጥበት ሲመለሱ እንደሚሆኑት ገርጥተዋል። እኔን በድንጋይ ጎብጬ አዩኝ። ፀጉር ቆራጬ እጁን አጣምሮ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው ቀልማዳ ነው። እንደውም ከዚህ የባሰ ቀልማዳ አናውቅም። ክፉ ግን አይደለም። ራይዲንግ ሲሉት ራይድ መስሎት ነው። ተከፈለ ሲሉት ገንዘቡ መስሎት ነው።»

ጋሼ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ሄደ፣ ነገሩን ከመጀመሪያ እየደገሙት ነው።

«አንዱን ይመልሱታል ያልከኝ…»

«አዎ ጋሼ።»

«ለሜሪላንድ ሰጡት ብለህ የተቆጣኸው…»

«አዎ።»

«ለሦስትም አስከፍላለሁ ያልከኝ…»

«አዎ ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዛ ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው፣ ልጃቸው ውሃ ይዛ እስክትሮጥ ሳቁ። «አውርደው» አሉኝ። «የልጄን ወለል ልትሰነጥቀው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ካሳ ይወሰን አሉ። ጋሼ አላመነቱም። «ይመዝገብ» አሉ። «መራጭ ሆኖ ይመዝገብ። እዚሁ፣ ፊቴ።» ስልኬን አውጥቼ ሜሪላንድ ላይ ተመዘገብኩ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ስንት ዓመት የሸሸሁት ነገር አራት ደቂቃ ነው።

ከዛ ፖስታውን ራሳቸው ቀደዱት። ውስጡ ያለው ወረቀት የተወዳዳሪ ስም የለበትም፣ ባዶ መስመር ነው። መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም በእጁ ይፅፋል። ጋሼ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት።

«መስመሩን የኛ መንገድ መሃል ላይ ነው ያሰመሩት» አሉ። «ሙሉ ቁጥር ያላቸው ቤቶች ወዲያ ቀሩ፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ከወንዙ ማዶ ላሉት ተሰጠን። የኛ ቤት ጎዶሎ ነበር። አስተማሪዋ የምትወዳደረው ወዲያ ነው። እኔ ልመርጣት አልችልም።» ትንሽ ቆዩና «የማላውቀውን ሰው አልመርጥም፤ በቃ ይቅር» አሉ።

ልጃቸው እኔን አየችኝ። በዓይኗ የምትለው ገብቶኛል፦ አንተ ያባከንከው ሳምንት ነው።

«ስንት ቀን ቀረን?» አልኩ።

«እስከ ሰኞ ሳምንት። ዘጠኝ ቀን።»

«ይበቃል። የማያውቁትን ሰው ማወቅ ይቻላል። እኔ እንኳን አውቄ!»

ማክሰኞ ራይዳቸው ወደኔ ተመለሰ፤ ጋሼ ማሽን ላይ ሲሆኑ እኔ ፓርኪንግ ውስጥ የማዶውን ራይዲንግ ታሪክ ከስልኬ ላይ አነበብኩ። አራት ሰዓት ሙሉ። ያልገባኝን ቃል እየፈለግኩ፣ እየደጋገምኩ። ስንመለስ በተራዬ አስተማርኳቸው።

«መጀመሪያ እንጨት ነጋዴው ነበር ጋሼ። በነርሷ ወደቀ። እንጨት ነጋዴው ተመልሶ ነርሷን ጣላት። ከዛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ፣ ከዛ መድኃኒት ሻጩ። ማዶዎቹ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አከታትለው አስቀምጠው አያውቁም።»

«ምን ያህል ነው የሚበላለጡት?»

«ለጥቂት ነው። ሁልጊዜ ለጥቂት።»

በመስታወት ሳያቸው ከረባታቸውን ላላ እያደረጉ ነው። ፈርተዋል! ዕድሜ ልካቸውን ሲሸነፉ ኖረው የማያውቁት ፍርሃት ያዛቸው።

«እኔ የመረጥኩት ሊገባ ይችላል ማለት ነው?»

«ይችላል።»

«ገብቶ ካጠፋስ? እኔ ነኛ ያስገባሁት?»

«ጋሼ፣ እስከዛሬ ተሸንፈው ሲተቹ ኖረው አሁን ሃላፊነት መጣ!»

«ዝም በል» አሉኝ፣ ግን ፈገግ ብለው ነው።

በዛው ቀን ከመኪናዬ ውስጥ ሆነው የተወዳዳሪዎቹ ቢሮ ሁሉ ደወሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ አይሰራም፣ ባለቤታቸው ሲታመሙ በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ በረዶ ላይ ቆመዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ? ከአራቱ ተወዳዳሪዎች ሁለቱ ራሳቸው መልሰው ደወሉ። አንዱ የፓርላማ ወንበሩን የያዘው መድኃኒት ሻጭ ነው፣ አንዷ አዲስ ተወዳዳሪ፣ ወጣት ሴት። ሐሙስ ጋሼ አንድ ክንዳቸው ማሽኑ ላይ ታስሮ ሁለቱንም በስልክ እኩል ደቂቃ ፈተኑ። ስንወጣ አዝነዋል። «ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አሉ። «መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጉ። ድምፅ ምስጢር ነው ብለው እኔንና ልጃቸውን በረንዳ ላይ አስወጡን። ስር ሀይዌዩ ይታያል፣ ነፋሱ ይገርፋል። «ሺፍቴ ሊደርስ ነው» ትላለች ልጅቷ። «አባዬ፣ አንድ ስም እኮ ነው!» ቆይቶ መስታወቱ ተንኳኳ።

«የአባት ስም የግድ ነው?» አሉ ወረቀቱን በእጃቸው ከልለው።

«የግድ ነው ጋሼ፣ ሙሉ ስም ይላል።»

«እኔ የምመርጠው እሷን ነው። አባቷ ምን አገባቸው?»

እኔና ልጃቸው ተያየን። ከተወዳዳሪዎቹ ሴት አንድ ብቻ ናት። ጋሼም ያወጡት ነገር ወዲያው ገባቸው።

«አልሰማችሁም» አሉ።

«ምን ተናገሩ?» አልኩ። «ነፋሱ ነው መሰለኝ።»

የአባቷን ስም ከስልኬ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጠው ፃፉ፣ ሳያሳዩን። ወረቀቱን በትንሹ ፖስታ፣ ትንሹን በትልቁ አድርገው በጥንቃቄ ፈረሙ። ፈጣን መልእክት ላኪው ቢሮ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። በመንገድ ላይ ያሳየሁትን አነዳድ እኔ ብናገር አያምርም። ልጁ ሚዛን ላይ አስቀመጠና «አርብ ይደርሳል» አለኝ።

አርብ አልደረሰም። በአየር ሁኔታ ምክንያት ተብሎ መንገድ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆመ። ፖስታው የት እንደደረሰ ለማየት ስልኬን በየመብራቱ እከፍታለሁ፤ እዛው ነው። ቅዳሜ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ፣ ውሸት መናገር ስለማልችል ነገርኳቸው። እሺ፣ እችላለሁ፤ የሳቸውን ዓይን እያየሁ ግን አልቻልኩም። «ያባከንኳት ሳምንት ብትኖረን» አልኩ። ጋሼ ነፃ በሆነችው እጃቸው ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ። «ድንጋዩን አውርደሃል» አሉኝ። «ደግመህ አትሸከም።»

እሁድም እዛው ነው። ሰኞ፣ የምርጫው ቀን፣ ከረፋዱ ላይ አንዲት ሴትዮ ከዓይን ሐኪም ስመልስ ስልኬ ጮኸ። ደርሷል፤ ኦታዋ፣ ተፈርሞ ተቀብለውታል። ሴትዮዋ ምን ሆንክ ብለው ደነገጡ፤ ለካ መሪውን እየደበደብኩ እልል እያልኩ ነበር። ጋሼ ጋ ስደውል አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፦ «እንግዲህ ትቆጠራለች።»

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮ እንዳልከፍት፣ ምንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። ክሊኒኩ ፓርኪንግ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ ነው «አሁን በል» ያሉት።

«አሸነፉ ጋሼ።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

ከረባታቸውን አጠበቁ። እኔ ጭፈራ እየጠበቅኩ ነው።

«ስንት በለጠች?»

«ለጥቂት።»

«መድኃኒት ሻጩስ?»

«ወደቀ።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ደወለለት?»

«ማን ይደውልለታል ጋሼ? ተሸንፎ!»

«ስልክህን አምጣ» አሉ።

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነርሷ መርፌውን አስገብታ፣ ማሽኑ መዞር ሲጀምር ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩላቸው። ሰውየው ራሱ አነሳ። ድምፁ ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው። ጋሼ የአውቶቡሱ ሰውዬ ነኝ ሲሉት አስታወሳቸው።

«ስለ ድጋፍዎ አመሰግናለሁ» አለ።

«አልደገፍኩዎትም» አሉ ጋሼ። «ለሷ ነው የሰጠሁት።»

ነርሷ የቀጣዩን በሽተኛ መርፌ እንደያዘች ቆመች።

«የደወልኩት እኔ በመሸነፍ ብዙ ልምድ ስላለኝ ነው» አሉ ጋሼ። «ዛሬ ነው የሚከብደው። ቁርስ ይብሉ። ጋዜጣ አያንብቡ። ከዛ ወጥተው ሰው ሰላም ይበሉ፣ ሰው እንደሚያስቡት ክፉ አይደለም። እኔን መልሰው የደወሉልኝ እርስዎና እሷ ብቻ ናችሁ፤ እሷን የመረጥኩት ስለ እርስዎ አዝኜ ነው።»

«ከየት ነው የሚደውሉት?» አለ።

«ከዲያሊሲስ ወንበር ላይ። የሚቀጥለው ላይ ይወዳደራሉ?»

«እንጃ። አላሰብኩበትም።»

«ይወዳደሩ። ያኔ ካለሁ እንደገና አመዛዝናለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

ሰውየው ሳቀ፤ የሚያለቅስ ሰው የሚስቀው ዓይነት። ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ እያዳመጠ እንደነበር አየሁ። ከጎናቸው ያለው ሳልቫዶራዊ ሰውዬ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አንድ ክንዱ ታስሯልና በአንድ እጁ ወንበሩን እየመታ። ሌሎቹም ተከተሉት፣ እያንዳንዱ በነፃ እጁ ወንበሩን። ጋሼ ተቆጡ። «ምን ያስጨበጭባል?» አሉ። «ሰው ተሸንፏል እኮ።»

አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ጓደኞቼም አላመኑኝም። እንግዲያው ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ክሊኒኩ ሂዱ። ነርሷን ጠይቋት፣ ስልኩን ስትሰማ መርፌ ይዛ እንደቆመች ታምናለች። ሳልቫዶራዊውን ጠይቁት፣ አማርኛ አይችልም፣ ግን በአንድ እጅ እንዴት እንደሚጨበጨብ ያሳያችኋል። ሂዱ እስቲ! ፓርኪንጉ እንደሆነ ነፃ ነው።